ስድስቱ ማጠፊያ

መርሳ ላይ ስፖንዳ የተሰበረበት ሹፌር ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ እያንኳኳ ወልዲያ ድረስ ይነዳል፣ ወይ ውባለም ዘንድ ይቆማል። ስፖንዳ የጭነት መኪና የጎንና የኋላ መዝጊያ ነው። እሱ ከተፈታ ጭነቱ አስፋልት ላይ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ይቆማል።

ውባለም ከመርሳ ብዙ የማትርቀው የግራና ከተማ ልጅ ናት። ወልዲያ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብየዳ ተማረች፤ መርሳ ዋናው መንገድ ዳር የቆርቆሮ ጥላ ዘርግታ ሥራ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሹፌሮች ከመኪና ወርደው ጥላው ሥር ዙሪያቸውን እያዩ፣ «በያጁ የት ሄዶ ነው?» ይሏት ነበር።

«ቆማ እያናገረችህ ነው» ትላለች። «የቱ ጋ ነው የተሰበረው?»

አሁን ማንም አይጠይቃትም።

የሥራ ልማዷ ደግሞ ለብቻው መነገር ያለበት ነው፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። ብረት ከመንካቷ በፊት በሜትር ትለካለች፣ በጠመኔ ቀኑን ስፖንዳው ጥግ ላይ ትጽፋለች፣ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ሠርታ ስትጨርስም እንደገና ታነሳለች። ይህን የጀመረችው አንድ ሹፌር ግራውን አሠርቶ ሄዶ፣ በወሩ ቀኙን ሰብሮ መጥቶ «ያንቺ ብየዳ ነው የለቀቀው» ብሎ ግማሽ ቀን ካጨቃጨቃት ወዲህ ነው። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን «ውባለም ብየዳና ስፖንዳ፣ መርሳ» በሚለው የፌስቡክ ገጿ ላይ ትለጥፋለች። ከኮምቦልቻ ድረስ አይቶ የመጣ ደንበኛ አለ።

ጎረቤቷ አያ ሞገስ ናቸው። ባቲላሜራ ናቸው፤ የተጨረማመተ ኮፈን በመዶሻ እየቀጠቀጡ መልሰው ያስተካክላሉ፤ በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጆሯቸው በመዶሻው ምክንያት ትንሽ ከብዷል፤ ምላሳቸው ግን አልከበደም።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አንድ ጠዋት፣ አያ ሞገስ ስልካቸውን እንደ መስተዋት ክንዳቸውን ዘርግተው ይዘው መጡ።

«ውቤ፣ ይኼን እይ። አገር ሊያልቅ ነው።»

ውባለም የብየዳ ማስኳን ወደ ግንባሯ ገፋች። ፎቶው የአንድ ኢሱዙ ጭነት መኪና የኋላ ክፍል ነበር። ስፖንዳው ተቀዶ ወደ ውጭ ተጎልጉሏል፤ በቀዳዳው በአረንጓዴ ሸራ የተሸፈነ ረጃጅምና ክብ ነገር አፉን አውጥቷል። ታርጋው ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከሥሩ «ሞርታር የጫነ መኪና ትናንት በመርሳ አልፎ ለጠላት አራገፈ፤ ያያችሁት አታሳልፉት» የሚል ተጽፎበታል።

«አሁን የት ነው መኪናው?» አለች።

«ኬላው ላይ ይዘውታል። ሰዉ እየተሰበሰበ ነው። ቤንዚን የያዘም አለ አሉ።»

ውባለም ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን በሁለት ጣቷ ሳበችው። ስፖንዳውን አልነበረም የምታየው፤ በግራ በኩል፣ ከጎማው ኋላ ያለውን ነበር።

«አያ ሞገስ፣ ይኼ ሰማያዊ በርሜል የማን ነው?»

አያ ሞገስ ዓይናቸውን አጠበቡ። «የኔ! ይኼማ የኔ በርሜል ነው! ለአንድ ቀን ብለሽ ወስደሽ ያስቀረሽው!»

ሁለቱም ዘወር አሉ። በርሜሉ ጥላው ሥር፣ እዚያው ቦታው ላይ፣ ውሃ ሞልቶ ቆሟል።

ውባለም ፎቶውን አወቀችው። ፎቶው የእሷ ነው። ባለፈው ግንቦት፣ የወልዲያው ሲሳይ ለግራና ገበሬዎች የመስኖ ቱቦ ጭኖ ሲሄድ ስፖንዳው ተቀዶ ጥላዋ ሥር ሲቆም፣ እንደ ልማዷ ከመንካቷ በፊት ያነሳችው ፎቶ ነው። «ከሥራ በፊት» እና «ከሥራ በኋላ» ብላ የለጠፈችውን፣ አንዱ የመጀመሪያውን ብቻ መዝዞ ወስዶታል። ቀኑን በጠመኔ የጻፈችው ከታች ጥጉ ላይ ነበር። ያቺን ሁለት ጣት የማትሞላ ቦታ ቆርጦ ጥሏታል።

ሲሳይን ታውቀዋለች። የራሱን መኪና የሚነዳ፣ ቤቱ ወልዲያ፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲሳይ ግን ለማደር ጊዜ አልነበረውም።

ስልኳን፣ ሜትሯንና አንድ ጠመኔ ኪሷ ከታ ባጃጅ አስቆመች። አያ ሞገስም መዶሻቸውን እንደያዙ ተከትለው ሊገቡ ሲሉ፣ «መዶሻውን ይተዉት፣ ለጠብ የሄድን ይመስላል» አለቻቸው። መልሰው ወርውረውት ገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። በዚያ ሰሞን ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ከርሟል። ሲመጣ አንዱ ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ የቻለውን ያወርድና ያለ ኔትወርክ ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው ዜንደር ለጓደኛው ያሳልፋል፤ ጓደኛው ለጓደኛው፤ ከመናኸሪያ እስከ ወፍጮ ቤት በአንድ ሰዓት ይዳረሳል። እንዲህ እጅ በእጅ ሲዞር ግን ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ፣ ከየት እንደመጣ መንገድ ላይ ይራገፋል። የሚደርሰው ፎቶው ብቻ ነው። የደረሰው ሁሉ ደግሞ የዛሬ ይመስላል። ሰዉም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ይህ ከተማ ጦርነት በበሩ ሲያልፍ አይቷል፤ መኪና ሙሉ መሣሪያ ምን እንደሚያመጣ ማንም አልነገረውም፣ በዓይኑ አይቶታል። የፈራ ሰው ደግሞ ቀን አይጠይቅም።

ኬላው ላይ ሲደርሱ ሰዉ ሁለት መቶ ይሆናል። የኬላው ጠባቂዎች ሁለት ናቸው። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ የሲሳይ ነጭ ኢሱዙ መሐል ቆሟል። ሲሳይ ጋቢና ውስጥ መስታወቱን ዘግቶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዲታይ አድርጎ ተቀምጧል። ሸራው ተገልጧል፤ ጭነቱ የውሃ መሳቢያ ሞተርና የፕላስቲክ ቱቦ ነው።

«ጭነቱን አይታችሁታል?» አለች ውባለም ለአንዱ ጠባቂ።

«አይተናል። ምንም የለበትም። እነሱ የሚሉት ግን የትናንቱን ነው፤ ትናንት አራግፎ ነው ይላሉ።»

እሷም የፈራችው ይህንኑ ነበር። ምንም ያልተገኘበት ሰው ምንም እንደሌለበት በምን ያስረዳል?

ከፊት ሄኖክ ቆሟል። ሄኖክ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ካርድና መሸፈኛ ይሸጣል፤ በቴሌግራም ደግሞ በወረዳው ስም «ሐብሩ ዛሬ» የሚል ሦስት ሺህ ሰው የሚከታተለው ቻናል አለው። ቤንዚን የያዘው ጎረምሳ ከሱ ኋላ ነው።

«ሄኖክ፣ ይኼን ፎቶ ከማን አገኘኸው?»

«ከግሩፕ።»

«ግሩፑስ?»

«ከሌላ ግሩፕ።»

«በመሐል ሰው የሚባል የለበትም?»

«ምንጭ አይነገርም፣ ውባለም። የሙያው ሥርዓት ነው።»

«ምንጩማ እኔ ነኝ» አለች።

ወዲያው ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ «ታዲያ አንቺም አለሽበታ!»

ይህ እንደሚመጣ ባጃጅ ውስጥ አስባበታለች። ሌላ መንገድ አላገኘችም። «አለሁበት» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ከብረት መቁረጫው ግራይንደር ጋር ሲፎካከር የኖረ ድምፅ ነው፣ ዳር ድረስ ይሰማል። «ያነሳሁት በዚህች እጄ ነው። ትናንት ግን አይደለም። ስምንት ወሩ ነው። መኪናው ስፖንዳው ተሰብሮ እኔ ጥላ ሥር ቆሞ ሳለ ነው። ይኸው ሙሉው፣ ቀኑም አለበት።»

ስልኳን ዘረጋች። ሦስት አራት ሰው አጎንብሶ አየ።

«ዘንድሮ ስልክ የማይሠራው ምን አለ?» አለ ባለ ቤንዚኑ። «ቀንም ይጽፋል፣ በርሜልም ይስላል።»

«በርሜሉ የኔ ነው!» አሉ አያ ሞገስ።

«እርስዎ ደግሞ የመኪና ሐኪም ነዎት እንጂ ስለ ስልክ ምን ያውቃሉ!»

ሳቅ ተሰማ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። ውባለም ስልኳን ኪሷ መለሰች። በፎቶ የመጣን ነገር በፎቶ መመለስ እንደማይቻል ገባት። አንዱን የማታምን ከሆነ ሌላውን ለምን ታምናለህ? ዓይኗን አቅንታ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ፈለገች፤ አገኘች። አያ ማሩ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ዳር ላይ ቆመዋል።

«አያ ማሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ ልጄ።»

«በሬ ሲገዙ ጥርሱን በፎቶ ነው የሚያዩት?»

«ኧረ ወዲያ! አፉን ፈልቅቄ በጣቴ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ይምጡ፣ ይኼንንም በጣትዎ ይዩልን። ሄኖክ፣ አንተ ፎቶህን ይዘህ ና።»

ለአያ ማሩ መንገድ የማይለቅ የለም። ሰዉ ተከፈለ። ሦስቱ ከመኪናው ኋላ ቆሙ። ውባለም የኋላው ስፖንዳ ከወለሉ ጋር የተያያዘበትን ቦታ በጠመኔ ነካ ነካ አደረገች።

«ይኼ ማጠፊያ ይባላል፤ ስፖንዳው የሚታጠፍበት ነው። ይቁጠሩልኝ፣ ጮክ ብለው።»

አያ ማሩ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው፣ ከግራ ጀምረው እያንዳንዱን በጣታቸው እየጨበጡ ቆጠሩ። «አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ስድስት።»

«ሄኖክ፣ በፎቶህ ላይ ስንት ነው?»

ሄኖክ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ቁጠር እንጂ፣ ሦስት ሺህ ሰው እየጠበቀህ ነው» አሉ አያ ሞገስ።

«አራት» አለ ሄኖክ።

«አራት ነው» አለች ውባለም ወደ ሰዉ ዞራ። «በአራት ማጠፊያ ነው የመጣው፤ ለዚህ ጭነት አራት አይበቃም፣ ለዛም ነው የተቀደደው። እኔ ስድስት አድርጌ ሠራሁለት። ትናንት የተነሳ ፎቶ ከሆነ፣ ሁለቱ ማጠፊያ የት ሄደው ነበር?»

ጉርምርምታ ተነሳ። ባለ ቤንዚኑ ግን ቂል አልነበረም። «ማታ ቢያስቀይርስ? ስፖንዳ ለመቀየር ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ውባለም ልጁን አየችው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ እሷም ብትሆን ትጠይቀው ነበር። «ጥሩ ብለሃል» አለችው። «ና፣ አንተም እጅህን አስገባ። ጀሪካኑን አስቀምጥና ና።»

ልጁ አመነታ። ከዚያ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ መጣ። አንዱ ጠባቂ ጀሪካኑን ቀስ ብሎ በእግሩ ገፋ እያደረገ ወደ ኬላው ቤት ወሰደው።

«ከሥሩ ዳብሰው። የትናንት ብየዳ ያብረቀርቃል፣ እጅ ይፍቃል። ይኼ ክረምት አልፎበታል።»

ልጁ ጣቱን አወጣ። ዝገትና የደረቀ ጭቃ። አሸተተው፤ ለምን እንዳሸተተው እሱም አያውቅም።

አያ ማሩ ግን ገና አጎንብሰው ነበር። ማጠፊያው ላይ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ። «ቆይ እስቲ» አሉ። «ይኼ ቀለም የእድሩ ድንኳን ብረት ቀለም አይደለም እንዴ? እኔ ራሴ ነኝ የገዛሁት። ከፋሲካ በኋላ አንቺ አይደለሽ ብረቱን በይደሽ የቀባሽልን?»

ውባለም ፊቷ ጋለ። ይህኛውን አላሰበችበትም ነበር። «የተረፈው ነው፣ አያ ማሩ። ጣሳው ሥር ትንሽ ቀርቶ ነበር። ሳልጠይቅ ነው የቀባሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

አያ ማሩ ቀና አሉ። ፊታቸው ለአፍታ የእድር ዳኛ ፊት ሆነ። ከዚያ ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እንዴ! ይኼ ሰውዬማ በእድራችን ቀለም ነው እስከ ዛሬ የሚነዳው! ሰዎች፣ ይኼ መኪና የተሠራው ድንኳናችን በተቀባበት ሰሞን ነው። ቀለሙን አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ አረንጓዴ ገበያ ላይ አልመጣም። በሉ ድንጋዩን አንሱ።»

የአንድ ሽማግሌ ሳቅ ያን ያህል ይሠራል ብሎ የሚገምት የለም። ቅድም በቁጣ የቆመው ሰው አሁን ማጠፊያውን ለመዳበስ ተሰለፈ። አንዲት ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ሳትቀር እጇን ሰዳ ቆጥራ፣ «ስድስት ነው፣ እውነቷን ነው» ብላ አለፈች። ሲሳይ መስታወቱን ዝቅ አደረገ። ከንፈሩ ደርቋል።

«ውባለም» አለ።

«አትውረድ ገና» አለችው። «ሥራ ቀርቶናል።»

ወደ ሄኖክ ዞረች። «በል አስተካክል።»

«አጠፋዋለሁ።»

«ማጥፋት አይደለም። ብታጠፋው አየሁት ያለ ሁሉ ‹አስጠፉት› ይላል። ሁለቱን ፎቶ ከኔ ተቀበልና ጎን ለጎን አድርገህ ተሳስቻለሁ ብለህ ጻፍ።»

ሄኖክ አንገቱን አሻሸ። «ተሳሳትኩ ያለ ቻናል ተከታታይ ያጣል፣ ውባለም። አታውቂውም ይኼን ሥራ።»

«እኔ ብየዳዬ ሲለቅ መልሼ እበይዳለሁ። ደንበኛ አጥቼ አላውቅም። አንተ ጠዋት ሰው ልታጣ ነበር፤ ስለ ተከታታይ ታወራለህ?»

ሄኖክ ወደ ጋቢናው አየ፤ ወደ ጀሪካኑም አየ። ከዚያ አጎንብሶ መጻፍ ጀመረ። ደጋግሞ አጠፋ፣ ደጋግሞ ጻፈ። በመጨረሻ አሳያት፤ «ጠዋት የለጠፍኩት ፎቶ ያለፈው ግንቦት የተነሳ የመስኖ ቱቦ ነው። ሳላጣራ ነው ያወጣሁት። ሄኖክ።» አንብባ «ይሁን» አለች። ላከው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ዞረች፣ ዞረች፤ ኔትወርክ የለም።

«ውሸቱ እንዴት ሄደ?» አለች።

«በዜንደር።»

«እንግዲያው በመጣበት ይመለስ።»

ሄኖክ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ «ጠዋት የተቀበላችሁ ሁሉ አሁን ይኼን ተቀበሉ!» እያለ ጮኸ። ሰዉ ስልክ ስልኩን አወጣ። እጅ በእጅ፣ ሁለቱ ፎቶ፣ ሙሉ፣ ቀኑ ጥጉ ላይ እንዳለ መዞር ጀመረ። ባለ ቤንዚኑ ልጅ ሦስተኛው ተቀባይ ነበር፤ ለስንት ሰው እንዳሳለፈ እየቆጠረ ይናገር ነበር።

የሲሳይ መንገድ ግን ገና አላለቀም። ቱቦውን የሚጠብቁት ግራና ነው፤ አሮጌው ወሬ ደግሞ ከኢሱዙ ይፈጥናል።

«ግራና ደርሶ ይሆን?» አለ ሲሳይ።

«ደርሷል» አለች። በሩን ከፍታ ጋቢና ገባች። «ንዳ። እዚያ የማያውቀኝ የለም።»

አያ ሞገስ ከመስኮቱ ሥር ቆመው፣ «ጥላሽን ማን ይጠብቅ?» አሉ።

«እርስዎ። በርሜልዎንም አብረው።»

«ዛሬ እወስደዋለሁ!»

«አይወስዱትም፣ ምስክር ነው!»

ግራና መግቢያ ላይ፣ እንዳሰበችው፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ነበር። ሁለቱ ዱላ ይዘዋል። ውባለም መኪናው ሳይቆም አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ደጀን! ያክስቴ ልጅ! ዱላው ለማን ነው?»

ከፊት የቆመው ሰው ዓይኑን አሻሸ። «ውባለም? አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ መኪና ላይ?»

«ሽንኩርትህ የሚጠጣበትን ቱቦ ይዤልህ መጣሁ። ሞርታር ነው አሉህ?»

ደጀን ዱላውን ወደ ኋላው ደበቀ። «ፎቶ ደርሶን ነው እኮ...»

«አውቃለሁ። ፎቶውን አውጣና ና። ከኋላ በኩል።»

እዚያም ተቆጠረ። እዚያም ስድስት ሆነ። ከዚያ ባለ ዱላዎቹም ዱላቸውን ጥለው፣ አሥራ አምስቱም ቱቦ ማውረድ ጀመሩ፤ የመስኖ ተራ የሚጠብቅ ገበሬ ለማፈር ብዙ ጊዜ የለውም።

ውባለም በማግስቱ ልማዷን አሻሻለች። ማንሳቱን አልተወችም፤ «ለምን እተዋለሁ? ቢላ እጅ ቆረጠ ተብሎ ሽንኩርት ሳይከተፍ ይዋላል?» ትላለች። ጠመኔውን ግን ከጥግ ወደ መሐል አመጣችው። አሁን ቀኑን፣ ስሟንና «መርሳ» የሚለውን የምትጽፈው ስፖንዳው እምብርት ላይ፣ በክንድ ርዝመት ፊደል ነው። እሱን ቆርጦ የሚያወጣ ስፖንዳውንም ቆርጦ ይጥላል።

ሲሳይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባዶውን መጥቶ ጥላዋ ሥር ቆመ። ምንም አልተሰበረበትም።

«ጽሑፍ እፈልጋለሁ» አለ። «ከኋላ።»

ሹፌር ሁሉ ከኋላው ያጽፋል፤ አንዱ ተረት፣ አንዱ ጸሎት፣ አንዱ የልጁን ስም። በቀለም ነው የሚያጽፉት። ሲሳይ ግን በቀለም አልፈለገም። በብየዳ፣ ብረት በብረት ላይ፣ የማይፋቅ ይሁንልኝ አለ።

ውባለም ለካች። በጠመኔ ነደፈች። አነሳች። ማስኳን አወረደች። አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀባት፤ ለፊደል የተማረ እጅ አይደለም፣ «ጠ» ትንሽ ተንጋደደች። አያ ሞገስ በርሜሉ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ቆይተው፣ «ጠ ሰክራለች» አሉ። «ትስከር፣ ትነበባለች» አለች።

ያ ኢሱዙ ዛሬም ከወልዲያ መርሳ፣ ከመርሳ ግራና ይመላለሳል። ከኋላው የሚነዳ ሰው፣ ከስፖንዳው ግርጌ፣ ከማጠፊያዎቹ ከፍ ብሎ እንዲህ ያነባል፤

«ስድስት ነው። ወርዳችሁ ቁጠሩ።»